ቫልቭ ከማዘዝህ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ መሥሪያ ቤትህ «ባለ 2 ኢንች ቫልቭ፥ 1» ብሎ እንድትገዛ ያዘዘህ እንደሆነ፥ ወደ ደሴ ከመውጣትህ በፊት ውሃው ከየት እንደሚወርድ ጠይቅ። ውሃ በቁመት 10 ሜትር በወረደ ቁጥር ግፊቱ 1 ባር ያህል ይጨምራል። ከአምባሰል ተረተር ወደ ሐይቅ የሚወርድ ቧንቧ የቁመቱ ልዩነት 150 ሜትር ቢሆን፥ ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ 15 ባር ይሸከማል ማለት ነው። ነጋዴው ለ10 ባር የተሠራውን ቢሰጥህ አልዋሸህም፤ ወረቀትህ ስለ ግፊት ምንም አልተናገረምና! ባለ 16ቱ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ቫልቭ በድንገት ሲዘጋ ውሃው የሚመታውን ምት እያሰብሁ ባለ 25ቱን እጽፋለሁ። ጥርሱንም አትርሳ፤ በባለ 2 ኢንቹ የእንግሊዙ በአንድ ኢንች ውስጥ 11፥ የአሜሪካው 11 ተኩል ነው። መጀመሪያ ይገባል፥ ኋላ ግን ያንጠባጥባል፤ ዕቃው ተመልሶ እስኪለወጥ ድረስ እንስራ አዝለው ምንጭ የሚወጡትም ትእዛዙን የጻፉት አይደሉም።