ፊልሙ በአደባባይ፣ እውነቱ በመደርደሪያ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱ መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ንጋት ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይመጣል። እውነት ግን የሚሸከመው ሰው ካላገኘ እንዲሁ አይጠራም። ተሸክሞ ያመጣው ቢኖር እንኳ ሰሚ ካጣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አቧራ ይለብሳል። ይሄን የምለው ዝም ብዬ እንዳይመስል አንድ የታወቀ ፊልምና ከጀርባው ያለውን እውነተኛ ታሪክ ላንሳ።

ፊልሙ «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» ነው። የወጣው በ1957 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ነው። ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይ የሚሉትን ጨምሮ ሰባት ኦስካር ወስዷል። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ እስረኞቹ ተሰልፈው ሲገቡ የሚያፏጩትን ዜማ የሆነ ቦታ ሳይሰማው አይቀርም።

ታሪኩ ባጭሩ ይሄ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች የማረኳቸው የእንግሊዝ ወታደሮች ጫካ ውስጥ የባቡር ድልድይ እንዲሠሩ ይታዘዛሉ። አዛዣቸው ኮሎኔል ኒኮልሰን መጀመሪያ ላይ «መኮንን የጉልበት ሥራ አይሠራም» ብሎ ከካምፑ አዛዥ ከሳይቶ ጋር ይጋፈጣል። ከረታ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጃፓን መሐንዲሶች አልቻሉበትም ብሎ ድልድዩን በተሻለ ፕላን ራሱ ያሠራላቸዋል። መጨረሻ ላይ ወገኖቹ ያጠመዱትን ፈንጂ ሊያከሽፍ እስከ መሞከር ይደርሳል። ኒኮልሰን ማለት እንግዲህ በኩራቱ ታውሮ ለጠላት የሠራ ሰው ነው።

አሁን ወደ እውነቱ እንምጣ። ድልድዩ ታይላንድ ውስጥ ከካንቻናቡሪ ከተማ አጠገብ፣ ታማርካን በሚባል ቦታ ተሠርቷል። እንዲያውም ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የእንጨት፣ ሌላው የብረትና የኮንክሪት። የብረቱ በ1944 እና በ1945 በአውሮፕላን ቦምብ ቢመታም ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ ዛሬም ባቡር ይሄድበታል። የእስረኞቹ አዛዥም በእውነት ነበሩ። ሌተና ኮሎኔል ፊሊፕ ቱዚ ይባላሉ፤ በሰላሙ ጊዜ ሊቨርፑል ውስጥ ባንክ ይሠሩ ነበር። በ1942 መጀመሪያ ሲንጋፖር ልትወድቅ ስትል ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ቢታዘዙም «ወታደሮቼን ጥዬ አልሄድም» ብለው አብረው ተማረኩ።

ቱዚ ድልድዩን አንሠራም ቢሉ የሚሞቱት ሰዎቻቸው መሆናቸውን ያውቁ ስለነበር ሥራውን ተቀበሉ። ግን ኒኮልሰንን አልሆኑም። እስረኞቹ ምስጥ እየሰበሰቡ እንጨቱ ላይ ይለቁ ነበር፤ ኮንክሪቱንም ሆን ብለው አበላሽተው ያቦኩ ነበር። ቱዚ ስለ ምግብ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ እረፍት አቤት ባሉ ቁጥር ዱላ ይቀምሳሉ፤ ተደብድበውም በነጋታው ለሌላ አቤቱታ ይመለሳሉ። ዓላማቸው አንድ ነበር፤ የቻሉትን ያህል ሰው በሕይወት ወደ አገሩ መመለስ።

ሳይቶ የሚባል ሰውም ነበረ። በፊልሙ ላይ ጨካኝ የካምፕ አዛዥ ነው። እውነተኛው ሪሳቡሮ ሳይቶ ግን በካምፑ ሁለተኛ አዛዥ የነበረ ሳጅን ሜጀር ሲሆን፣ ከሌሎቹ ሲነጻጸር በእስረኞቹ ዘንድ ፍትሐዊ የሚባል ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ቱዚ ስለ እሱ በመመስከራቸው ከጦር ወንጀል ክስ ዳነ። ቱዚ ካረፉ በኋላም እንግሊዝ ድረስ ሄዶ መቃብራቸውን ጎብኝቷል። እስኪ ንገሩኝ፣ ከዚህ የበለጠ የፊልም ታሪክ ከየት ይመጣል?

የጃፓን መሐንዲሶችም ቢሆኑ ፊልሙ እንደሚለው አልነበሩም። 415 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በተራራና በጫካ ውስጥ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት አስጨርሰው በጥቅምት 1943 አገናኝተዋል። ጭካኔያቸው የማያከራክር ነው፤ አለማወቃቸው ግን የፊልም ፈጠራ ነው።

ፊልሙ የመጣው ከልብ ወለድ ነው። ደራሲው ፈረንሳዊው ፒየር ቡል ሲሆን መጽሐፉን ያወጣው በ1952 ነው። ቡል ራሱ እስረኛ ነበር፤ ግን በኢንዶቻይና እንጂ በዚህ ሐዲድ ላይ አልነበረም። ኒኮልሰንን የቀረጸውም እዚያ ካያቸው፣ ለጠላት ካደሩ ፈረንሳውያን መኮንኖች ነው። ይሄ ሁሉ ለደራሲ የተፈቀደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፊልሙ የልብ ወለድነቱን ድንበር ሲያልፍ ነው። ምን ያህል እንዳለፈ ለማወቅ የወንዙን ስም ማየት ይበቃል። ድልድዩ የተሠራው ሜ ክሎንግ በሚባል ወንዝ ላይ ነበር። ከፊልሙ በኋላ ግን የክዋይን ድልድይ ፈልጎ የሚመጣው ቱሪስት በዛ። በዚህም ምክንያት በ1960 የወንዙ ክፍል ስሙ ተቀይሮ ክዋይ ያይ ተባለ። ልብ በሉ! ፊልሙ ከወንዙ ጋር አልገጠመም፤ ወንዙ ከፊልሙ ጋር እንዲገጥም ተደረገ። ወንዝ እንዲህ ከተደረገ የአንድ ሽማግሌ ኮሎኔል ስም ምን ሊሆን ይችላል?

«ታዲያ እውነቱን የጻፈ አልነበረም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነበረ እንጂ። በሐዲዱ ላይ እስረኛ የነበረው ጆን ኮስት «ሬይልሮድ ኦፍ ዴዝ» የተባለውን መጽሐፉን ኮሞዶር ፕሬስ በሚባል አነስተኛ አሳታሚ ያወጣው በ1946 ነው። ከልብ ወለዱ ስድስት፣ ከፊልሙ አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። በኋላ የታወቀ የሥነ ጽሑፍ ምሁር የሆነው ኢያን ዋትም እዚያው ታስሮ ነበርና፣ የክዋይ ድልድይ ታሪክ እንዴት ተረት እንደሆነ በጽሑፎቹ አሳይቷል። ከሁሉም በላይ ግን የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ፒተር ዴቪስ አሉ። ቱዚን አስቀምጠው የ48 ሰዓት ያህል ቃለ ምልልስ በቴፕ ቀዱ። ከዚህም «ዘ ማን ቢሃይንድ ዘ ብሪጅ» የተባለው መጽሐፍ ወጣ፤ አሳታሚው አትሎን ፕሬስ የተባለ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነበር። መቼ? በ1991። ፊልሙ ከወጣ ከ34 ዓመት፣ ቱዚ ካረፉ ደግሞ ከ16 ዓመት በኋላ።

የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ዕጣ የታወቀ ነው። በትንሽ ቁጥር ይታተማል፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ያነቡታል፣ ከዚያ ከገበያ ይጠፋል። ሲጠፋ ደግሞ ብርቅ ይሆናል። ብርቅ ሲሆን የአሰባሳቢዎች ዕቃ ይሆናል። ያኔ የሚጠየቀው «ምን ይላል?» መሆኑ ይቀርና «የመጀመሪያ እትም ነው ወይ? ሽፋኑ አልተቀደደም? ፊርማ አለበት?» ይሆናል። አሰባሳቢዎችን መውቀሴ አይደለም፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙ መጽሐፍ ጭራሹን ጠፍቶ ይቀር ነበር። ግን በመስታወት ቁም ሣጥን የተቆለፈ ማስተካከያ ማንን ያስተካክላል?

በትምህርታችን ስለ እርማት የምንማረው ነገር አለ። ስህተቱ በታየበት ቦታ እርማቱም መታየት አለበት። በፊት ገጽ የተሠራ ስህተት በውስጥ ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይታረምም። የቱዚ ጉዳይ እንደ እኔ አመለካከት የዚህ ትልቁ ምሳሌ ነው። ስህተቱ በዓለም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ታየ፤ እርማቱ በጥቂት ቅጂ ወጣ።

ይሄን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሳ አንዱ ሳቀብኝ። «ፊልም እኮ ነው! ዶክመንተሪ መሰለህ እንዴ?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በአግባቡ መልስ ይገባዋል። እውነት ነው፣ ጥበብ ፍርድ ቤት አይደለም። ዴቪድ ሊን ስለ ጦርነት እብደት መናገር ፈልጎ ተናግሯል፤ ጥሩ አድርጎም ተናግሯል። ኒኮልሰንን ባያበላሸው ኖሮ ፊልሙ ያን ያህል ኃይል ላይኖረው ይችል ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ይቃጠል፣ ይታረም አልልም። የእኔ ጥያቄ ለፊልም ሠሪው አይደለም፤ ለጋዜጠኛው ነው። የፊልም ባለሙያው የመፍጠር መብት ካለው፣ ጋዜጠኛው ደግሞ «የተፈጠረው ይሄ ነው፣ የሆነው ግን ያ ነው» ብሎ ለሕዝቡ የመንገር ግዴታ አለበት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማንም አይጎዳም። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሲተኛ ነው ሰው የሚጎዳው።

ደግሞም በአደባባይ ማረም እንደሚቻል እዚሁ ፊልም ላይ ታይቷል። የስክሪፕቱ ኦስካር የተሰጠው ለፒየር ቡል ነበር፤ እሱ ግን ስክሪፕቱን አልጻፈም። የጻፉት ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በኮሚኒስትነት ተጠርጥረው የሆሊውድ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ስለነበሩ ስማቸው እንዳይወጣ ተደረገ። በ1984 ግን ሽልማቱ ለእነሱ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሁለቱም ሞተው ነበር። ቢዘገይም እርማቱ የመጣው ስህተቱን ከሠራው መድረክ ነው። ለጸሐፊዎቹ የተቻለው ለቱዚ ለምን አልተቻለም?

እስካሁን ስለ ቱዚ ብዙ ብያለሁ። በጣም የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ ከ60,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ምርኮኞች ሠርተዋል፤ ከ12,000 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከእነሱ በቁጥር እጅግ የሚበልጡት ሠራተኞች ግን እስያውያን ነበሩ። ከበርማ፣ ከጃቫ፣ ከማላያ የጎማ እርሻ የመጡ ታሚሎች፤ ገሚሱ በሐሰት ተስፋ ተታልሎ፣ ገሚሱ በግድ ታፍሶ። ሐኪም አልነበራቸውም፤ ኮሌራ ሲገባ ሰፈር ለሰፈር ያልቁ ነበር። ሟቾቻቸው ወደ 90,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። «ይገመታል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ምርኮኞቹ በስም ተቆጥረዋል፤ ካንቻናቡሪ ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ መቃብሮች በመስመር በመስመር ተሰድረው ይታያሉ። እስያውያኑ ግን በግምት ቀርተዋል። በፊልሙ ውስጥ ሐዲድ ሲሠሩ አይታዩም። ፊልሙን ባረሙት መጻሕፍት ውስጥም ቢሆን የታሪኩ ባለቤቶች እነሱ አይደሉም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቱዚ የሚመሰክሩላቸው ወታደሮች ነበሯቸው፤ ቴፕ ይዞ የመጣ ምሁር ነበራቸው፤ በ2005 ስለ እሳቸው መጽሐፍ ያወጣች የልጅ ልጅ፣ ጁሊ ሳመርስ፣ ነበረቻቸው። ለታሚሉ የጎማ ቆራጭ ማን ነበረው? ፊደል የቆጠረ ዘመድ አልነበረው፣ አሳታሚ አልነበረው፣ ቴፕ ይዞ ደጁን ያንኳኳ አልነበረው። ስለዚህ ስህተቱን የሚሠራው ኃይል ያለው እንደሆነ ሁሉ፣ እርማት የሚያገኘውም ኃይል ያለው ሆኖ ቀረ። የኮሎኔሉ እውነት ዘግይቶም ቢሆን በመጽሐፍ ወጣ። የሠራተኛው እውነት መደርደሪያም አላገኘ።

እንግዲህ ከዚህ ለእኛ ምን ይተርፋል? አንደኛ፣ የፊልም ትችት ስንጽፍ ተዋናዩ ጥሩ ነበር፣ ካሜራው ቆንጆ ነበር ብለን ብቻ አንለፍ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ባየን ቁጥር የማን ታሪክ፣ ምን ተጨምሮበት፣ ማን ተቆርጦ ወጥቶ ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በትንሽ አሳታሚ የወጣና ማንም ያላየው መጽሐፍ እጃችን ሲገባ ይዘነው አንቀመጥ። ፍሬ ነገሩን በጋዜጣ ቋንቋ አውጥተን ለሕዝብ እናድርስ። መጽሐፉ የአሰባሳቢው ይሁን፤ እውነቱ ግን የሁሉም ነው። ሦስተኛው ደግሞ የትምህርት ክፍላችንን በቀጥታ ይመለከታል። ዴቪስ ቱዚን የቀዱት ሰውየው ሊያርፉ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ነበር። ትንሽ ቢዘገዩ ያ ሁሉ ሰዓት ምስክርነት አብሮ ይቀበር ነበር። በየቤታችንና በየሰፈራችንም ብዙ ያዩ፣ ማንም ያልጠየቃቸው አዛውንቶች አሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከእነሱ አንዱን ቁጭ አድርጎ ቢቀዳ፣ ቅጂውም በትምህርት ክፍሉ ቢቀመጥ ምን ይከብዳል? ዛሬ መቅጃ በየኪሳችን አለ። ስንመርጥም ስመ ጥሩውን ብቻ አንምረጥ፤ ሐዲድ የጣለውን፣ ድንጋይ የፈለጠውን፣ እንጀራ የጋገረችውን እንፈልግ። ኮሎኔሉን የሚፈልገው አይጠፋም።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አንብቤ ለመከራከር ዝግጁ ነኝ። ልቀዳ ብሎ የሚነሳ ካለ ደግሞ ክርክሩን ትተን አብረን እንጀምር።