ወይዘሮ ክላራና የ47 ዓመት ፍለጋ



ለቅሶ ቤት የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችኋል። «መንፈሳዊ፣ ደግ፣ ለባላቸው ታማኝ፣ ለልጆቻቸው ርኅሩኅ ነበሩ» ይባልና ያልቃል። እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም እናት ይሆናል። የልጅ ልጅ ከዚያ ምን ይዞ ይሄዳል? እስቲ ዛሬ የአንዲትን እናት ታሪክ በሌላ መንገድ ላንሣላችሁ።

ከአውሮራ በ15 ቁጥር አውቶቡስ ኮልፋክስን ይዛችሁ ወደ ዳውንታውን ስትሄዱ፣ ካፒቶል ሂል ላይ ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠው የኮሎራዶ ስቴት ካፒቶል ሕንፃ አለ። ብዙዎቻችን በደጁ እናልፋለን እንጂ ገብተን አናውቅም። ውስጡ በባለቀለም መስታወት የተሠራ የአንዲት ጥቁር እናት ምስል አለ። ወይዘሮ ክላራ ብራውን ይባላሉ።

(ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1800 አካባቢ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለዱ። ኬንተኪ ሳሉ ሪቻርድ የሚባል ሰው አግብተው አራት ልጆች ወለዱ። ከመንትዮቹ አንዷን ገና በልጅነቷ ውሃ ወሰዳት። በ1835 ጌታቸው ሲሞት ደግሞ ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። ንብረት የተባሉት እኮ ሰዎቹ ናቸው! ባል ለአንዱ፣ ልጆች ለሌላ ለሌላው፣ እናት ለብቻዋ። ከመንትዮቹ የቀረችው ኤሊዛ ጄን ያኔ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው።

ወይዘሮ ክላራ ነፃ የወጡት በ1850ዎቹ ነው። በ1859፣ ወደ ስልሳ ተጠግተው፣ ልጄ ወደ ምዕራብ ሄዳ ይሆናል በሚል ተስፋ ከአንድ የጋሪ ቅፍለት ጋር ወደ ዴንቨር ተነሡ። ለመንገደኞቹ ምግብ እያበሰሉ፣ ዕቃቸውን ጋሪ ላይ ጭነው፣ እሳቸው አብዛኛውን በእግራቸው። መንገዱ ከ600 ማይል በላይ ነው።

ቀጥሎ ተራራ ላይ ወዳለችው ሴንትራል ሲቲ ወጡ። የወርቅ ቆፋሪዎችን ልብስ እያጠቡ ቤትና መሬት ገዙ፤ ወደ 10,000 ዶላር እንዳጠራቀሙ ይነገራል። ቤታቸው የታመመ የሚተኛበት፣ የራበው የሚበላበት ነበር። የሜቶዲስት ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው ጸሎት ያደርጉ የነበረው እሳቸው ቤት ነው። ሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ ረድተዋል።

የአገሩ ሰው «አክስት ክላራ» ይላቸው ነበር። እኛ «እትዬ» እንደምንለው ይመስላል፤ ግን ልዩነት አለው። ነጮች በዚያ ዘመን ጥቁርን ሴት «ወይዘሮ» ላለማለት ነው «አክስት» የሚሉት። ስለዚህ እኔ ወይዘሮ ብዬ ነው የምጠራቸው።

ያን ሁሉ ገንዘብ ያጠራቀሙት ለምን ይመስላችኋል? ጦርነቱ አልቆ ባርነት ሲቀር፣ ልጃቸውን ፍለጋ ኬንተኪ ተመለሱ። አላገኟትም። ባዶ እጃቸውን ግን አልመጡም፤ ከባርነት የወጡ ሌሎች ሰዎችን የመንገዳቸውን ከፍለው ወደ ኮሎራዶ አመጡ። የራስን ልጅ ፍለጋ ሄዶ የሰው ልጅ ይዞ መምጣት! እኔን ከታሪኩ ሁሉ የያዘኝ ይኼ ነው። እዚህ ከተማ ስንቷ እናት የራሷ ልጅ ፕሮሰሱ አላልቅ ብሎ አዲስ አበባ እየጠበቃት፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ትውላለች።

ጎርፍና እሳት ንብረታቸውን በላው፤ ዕድሜም ገፋ። በ1882 ወሬ መጣላቸው፦ አዮዋ ውስጥ፣ ካውንስል ብላፍስ በምትባል ከተማ፣ ኬንተኪ የተወለደች ኤሊዛ ጄን የምትባል ሴት አለች። ወዳጆቻቸው የባቡሩን አዋጡላቸውና ሄዱ። እሷው ነበረች። ከ47 ዓመት በኋላ! የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችው ከሃምሳ አልፋለች።

ባላቸውንና ወንድ ልጃቸውን ዳግመኛ አላዩም። ልጃቸውን ካገኙ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1885፣ ዴንቨር ውስጥ ዐረፉ። መቃብራቸው ሪቨርሳይድ ነው።

የካፒቶል ሕንፃ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ በነፃ ነው የሚገባው። ልጆቹ ውጪ ደረጃው ላይ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። አያት ቤት ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ሊፍት አለው። ወይዘሮ ክላራ ምስል ፊት ስትደርሱ የእሳቸውን ታሪክ ጠይቋቸው፤ ማንን እንደፈለጉ፣ ማንን እንዳላገኙ።