ጀበናውን ወዶ ባለእጇን መናቅ

አሮጌ የሸክላ ዕቃ መሰብሰብ የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። እንስራው ሳሎን ጥግ ይቆማል፤ አፉ የተሸረፈ ጀበና ከመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ እንግዳ ሲጠይቅም ባለቤቱ «ከወሎ ያመጣሁት አንቲካ ነው» ይላል። ከወሎ የት? ማን ሠራችው? መልስ የለም። ወሎ እንደሆነች ሰፊ ናት፤ ለማምለጫ ትመቻለች።

ጠቤ ከመሰብሰቡ ጋር አይደለም። ዕቃውን እያከበሩ የሠራችውን ሴት ከመናቅ ጋር ነው።

እዚህ ከሚሴም ሆነ በባቲ የሰኞ ገበያ፣ አዲስ ጀበና ደርድራ የተቀመጠችውን ሸክላ ሠሪ ሰብሳቢው «አሮጌ የለሽም?» ይላታል። የእጇን ሥራ ትቶ የእናቷን ጥላሸት ይፈልጋል! ያቺ ሴት ግን ዛሬም ያለ መንኮራኩር፣ በእጇ ብቻ ጭቃውን አቁማ፣ በጠጠር አለስልሳ፣ በእንጨትና በኩበት እሳት ታቃጥለዋለች። ሸክላው ውኃ ስለሚያልበው እንስራዋ በቆላው ሙቀት ውኃ ታቀዘቅዛለች፤ ቢጫው ጀሪካን ይህን አያውቅም።

«እኛ ባንሰበስበው ተሰብሮ ይቀር ነበር» ይሉናል። ይሰበር! ገሉን ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር የሚለውሱ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ አሮጌው በአዲሱ ውስጥ ይኖራል። የሚያሰጋው የእንስራው መሰበር ሳይሆን የሙያው መቋረጥ ነው። ልጅስ ስለምን የእናቷን ሙያ ትያዝ? «ቡዳ» ተብላ ልትሰደብ? ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ጀበናዋን በመብራት አስጊጦ የሚያስጎበኝ ምሁር፣ ልጁ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላግባ ቢለው ሰባት ትውልድ መቁጠር ይጀምራል።

በእንግሊዝ አገር የዝንጅብል ቢራ ይሸጥበት የነበረውን የሸክላ ጠርሙስ ከድሮ ቆሻሻ መጣያ ቆፍረው የሚያወጡ ሰብሳቢዎች አሉ። ያ ጠርሙስ ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ እሳት የተተኮሰ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። እነርሱ በመጀመሪያ የሚመለከቱት ግርጌውን ነው፤ «ዱልተን፣ ላምቤት» ወይም «ፕራይስ፣ ብሪስቶል» የሚል ማኅተም ይፈልጋሉ። (ማኅተሙ የፋብሪካው እንጂ የሠራተኛው አይደለም፤ ቢሆንም ዕቃው ከየት እንደመጣ ይናገራል።) የእኛ ሸክላ ማኅተም የለውም። ማኅተሙ የሠሪዋ አንደበት ነበር፤ ሰብሳቢው ግን ዋጋ ሲከራከር ውሎ ስሟን ሳይጠይቅ ይሄዳል።

የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። መልካም ነው። ነገር ግን ስሙና መንደሩ የጠፋ ጀበና ድንበር ሳይሻገር፣ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ተሰድዷል።

ስለዚህ፣ ሰብሳቢ ሆይ፣ ከሠሪዋ እጅ አዲሱንም ግዛ፤ ያለችህንም ዋጋ ክፈል። ስሟን፣ መንደሯን፣ ዓመተ ምሕረቱን በቁራጭ ወረቀት ጻፍ። ወረቀቱን ጀበናው ሆድ ውስጥ ክተተው፤ አይጠበውም።