ክፍት ቦታ ቃልን አይከፍልም

የእንግሊዝኛን ጥምር ቃል በዓይን ብቻ መለየት የሚያስተምር ትምህርት ይብቃን። «ተያይዞ ከተጻፈ ጥምር ቃል ነው፤ ተለያይቶ ከተጻፈ ሁለት ቃል ነው» የሚለው ደንብ ለአስተማሪ ቢቀልም ሐሰት ነው።

ጽሕፈት ልማድ እንጂ ዳኛ አይደለም። ዛሬ ገጥሞ የሚጻፈው «ቱዴይ» እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በመካከሉ ንዑስ ጭረት ይዞ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ስድስተኛ እትም ወደ 16,000 ከሚጠጉ ቃላት ላይ ጭረቱን አነሣ፤ «ባምብልቢ» ተጋጠመ፥ «አይስ ክሪም» ተለያየ። ታዲያ አይስ ክሪም በዚያ ዓመት አንድ ቃል መሆኑ ቀረን? በአንጻሩ «ካርፔት»ን ዓይን ቢያየው «ካር» እና «ፔት» ብሎ ይከፍለዋል፤ ምንጣፍ ግን ከመኪናም ሆነ ከቤት እንስሳ ጋር ዝምድና የለውም።

ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይታመናል። «ብላክቦርድ» ሲባል የድምፁ ጫና በመጀመሪያው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ጥቁር ቀለም ያለው ማንኛውም ጣውላ ሲጠራ ግን «ቦርድ» የሚለው ይጎላል። ፊተኛው የመማሪያ ክፍል ሰሌዳ ስለ ሆነ አረንጓዴም ሊሆን ይችላል፤ ኋለኛው ጥቁር ካልሆነ ስሙን ያጣል። ኋለኛውን «ቬሪ ብላክ» ብንለው ያምራል፤ ፊተኛውን ብንለው ያስቃል።

ጆሮም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። በ«አፕል ኬክ» ጫናው በ«አፕል» ላይ ሲወድቅ፥ በ«አፕል ፓይ» ግን ወደ «ፓይ» ይሻገራል። ስለዚህ ትርጉምም መመርመር አለበት።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ይህን ያልለየ ተርጓሚ «ግሪንሀውስ»ን አረንጓዴ ቤት፥ «ሆት ዶግ»ን ትኩስ ውሻ አድርጎ ያቀርብልናል፤ አንባቢም ደራሲው ያላሰበውን ያነባል።

እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ሆደ ባሻ» ተለያይቶ ይጻፋል፤ ነገር ግን ቶሎ የሚከፋውን ሰው እንጂ የሆድ ሕመምተኛን አይገልጽም። በገዛ ቋንቋችን ያልተሳሳትንበትን በእንግሊዝኛ ስለ ምን እንሳሳታለን?

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪውን «ተያይዟልን?» ብላችሁ አትጠይቁት። ጫናው የት አረፈ? በመካከሉ ሌላ ቃል ይገባልን? ትርጉሙስ ከክፍሎቹ ድምር የተለየ ነውን? እነዚህን ሦስቱን ጠይቁት፤ ከዚያም መልሱን ከነምክንያቱ እንዲነግራችሁ ታገሡት።