ሌሎች የሠሩት የሐበሾች ቤት

በማኅበራችን የመሰብሰቢያ ቤት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም፤ "የፈረንጅ አሮጌ ሕንፃ ገዝተን ብንገባ ምኑ ኢትዮጵያዊ ይሆናል? አገር ቤትን የሚመስል እስክንሠራ እንታገሥ" የሚል። እኔ አልስማማም። ምክንያቴ ሮም ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ስሙ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው መጀመሪያ ያሠራው የ5ኛው መቶ ዘመኑ ጳጳስ ልዮን ነው፤ አዎ፣ በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ሊቃውንቶቻችን ስሙን በበጎ የማያነሡት ያው ልዮን! በ1479 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲክስቶስ 4ኛ አሳድሶ ለመነኮሳት ሰጠው፤ የሐበሾች ማረፊያ ሆነና ስሙም በእነሱ ተጠራ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቀሌምንጦስ 11ኛ ጊዜ ተለወጠ፤ በ1928 እንደገና ታደሰ። የድሮው ቅዱስ ጴጥሮስ ፈርሶ በአዲስ ሲተካ ይህ ተርፎ፣ ዛሬ በቫቲካን ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት አንጋፋው ነው።

እንግዲህ ከግንቡ የቱን ነው የእኛ የምንለው? ዓምዶቹ ጥንታዊ የሮም ዓምዶች ናቸው። በበሩ ላይ የተቀረጹት በግና መስቀልም የዚያው አገር ጥበብ ናቸው። የአክሱም መስኮት ወይም የላሊበላ ቅርጽ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ግን በዚያ ቤት ምን እንደተሠራ እንይ። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተምሮ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ለኅትመት አበቃ። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፣ እሱና ጓደኞቹ ደግሞ ኅትመት አያውቁም፤ ስለዚህ ስሕተቱ በዝቶ በዚያው መጽሐፍ አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። (የመጽሔታችን አራሚዎች ይጽናኑ።) በ1649 ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው እዚሁ ሮም ነው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ወዳጅነት የተገኘ ነው። የኢትዮጵያ ኮሌጅም በ1919 የተጀመረው በዚሁ ግቢ ሲሆን በ1930 ወደ አዲሱ ሕንፃው ተዛወረ።

ተቃዋሚዎቼ አንድ እውነት አላቸው። ቤቱ የእኛ ስላልነበረ ማደሱም መለወጡም በባለቤቱ ፈቃድ የሚፈጸም ነበር። ለዚህ ነው ከመከራየት መግዛት ይሻላል የምለው። ጣሪያው የጎጆ ክዳን ይምሰል አይምሰል ግን ገንዘብ ያዡን አያስጨንቀው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ከሕንፃው ንድፍ በፊት የልጆች አማርኛ ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚጀመርና መጻሕፍቱን ማን እንደሚረከብ እንነጋገር።