ፊርማውን ማን ይቀንስልን?

በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የካይዘን ሰሌዳ ተሰቅሎ ይታያል። «በፊት» እና «አሁን» የሚሉ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል፤ በአንዱ የተዝረከረከ መዝገብ ቤት፣ በሌላው በቁጥር የተደረደረ ፋይል። ፎቶዎቹን ፀሐይ መትቷቸው ደብዝዘዋል። መዝገብ ቤቱን ከፍቶ የገባን ሰው ደግሞ የሚቀበለው ያው «በፊት» የተባለው ነው።

ይህ ጥሪ በመጀመሪያ ሰሌዳውን ላሰቀላችሁ ነው፤ ለሥራ አስኪያጆች፣ ለዳይሬክተሮች፣ ለቡድን መሪዎች። ሠራተኛውና ባለጉዳዩም አይቀርላቸውም።

የለውጥ ፕሮግራም አላነሰንም። በ1990ዎቹ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ቢፒአር ሲባል ብዙ ሠራተኛ ዛሬም ትዝ የሚለው ድልድሉና «እኔስ የት እወድቅ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ነው። ውጤት ተኮር ሥርዓቱ ተከተለ፤ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስትም መጡ። ካይዘን በ2002 ዓ.ም. ከጃፓን ጋር በተደረገ ትብብር በ30 ድርጅቶች መሞከር ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሠራተኛው ለሁሉም ሠልጥኗል፣ ሰርተፊኬቱንም መሳቢያው ውስጥ አኑሯል። አዲስ ነገር ሲመጣ «ይችም ታልፋለች» ቢል አይፈረድበትም።

ከካይዘን «አምስቱ ማዎች» ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት በአንድ ቅዳሜ ዘመቻ ይያዛሉ። ማላመድና ማዝለቅ ግን በዘመቻ አይሆኑም፤ የአለቃን የዕለት ተዕለት ጠባይ ይጠይቃሉ። እኛ የምንወድቀው እዚያ ላይ ነው።

«ሠራተኛው አይለወጥም» ለምትሉ አንድ ታሪክ ላንሳ። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ1982 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ሠራተኞቹ በመቅረትና ከአለቆች ጋር በመጣላት ስማቸው የጠፋ ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ እነዚያው ሰዎች ተመልሰው ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው በጥራቱ ተመሰገነ። የቶዮታን አሠራር ከሌላው ከሚለዩት አንዱ በሥራው መስመር ላይ የተዘረጋ ገመድ ነው። ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛ ይጎትተዋል፤ የቡድን መሪው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ካስፈለገም መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የጎተተ አይወቀስም። ገመድ መዘርጋትማ ቀላል ነው፤ ከባዱ ተጎትቶ ሳይቆጡ መድረስ ነው።

የእኛ ገመድ የአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ነው። ተቆልፏል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያገኘ ይንገረን።

መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ግን ሳጥን አያስፈልጋትም፤ ችግሩን በየቀኑ ታየዋለች። ፋይሉ ውስጥ ያለውን የመታወቂያ ኮፒ ባለጉዳዩ እንደገና እንዲያመጣ የምታዘው እሷ ናት። ለአንድ ደብዳቤ ሦስት ፊርማ እንደሚያስፈልግ፣ ሦስተኛው ፈራሚ ሳያነብ እንደሚፈርም፣ እሱም ስብሰባ ላይ ሲሆን ሰው ሁሉ እንደሚጉላላ ታውቃለች። አትናገርም። ባለፈው ግምገማ የተናገረው ባልደረባዋ «የለውጥ አደናቃፊ» ተብሎ ሲገመገም አይታለችና።

እንግዲህ አለቆች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት መስኮቱ ጋ ውረዱ። ካሜራና የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አታስከትሉ፤ ያ ጉብኝት ነው። ተቀምጣችሁ ሥራው ሲሠራ እዩ፣ «የትኛው ነገር ነው የሚያጓትትሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ እናንተን የሚነካ ቢሆንም አትቆጡ። ሠራተኛው ላነሳው ሐሳብ ሁሉ መልስ ስጡ፤ በጽሑፍ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ። የማይቻለውን «በዚህ ምክንያት አይቻልም» ማለት ዝም ከማለት ይሻላል። የምትወጡበት ቀን ደግሞ ፊርማችሁን በውክልና ትታችሁ ውጡ፤ ሕዝቡ የእናንተን ስብሰባ አብሯችሁ አይሰብሰብ።

ሠራተኞችም ምሬታችሁን ከካፌ አውጡት። «አሠራሩ ብልሹ ነው» ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም፤ «ይህ ቅጽ ከዚያኛው ጋር አንድ ነው፣ አንዱ ይቅር» የምትለዋን ግን አለቃ ሊሸሻት አይችልም። ለሻይ ወጥቶ «ሲስተም የለም» ማስባልም ይብቃ።

ባለጉዳዮች ሆይ፣ «እዚያ ቤት ሰው አለህ?» ማለታችንን እንተው። በሰው የገባ ጉዳይ ባለቀ ቁጥር የሰልፉ ችግር ከአለቃው ዓይን ይሰወራል።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ደግሞ ቀደም ብሎ ይታቀዳል። በየክፍሉ ዕቅድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ በዚህ ዓመት የትኛው ፊርማ፣ የትኛው ኮፒ፣ የትኛው ምልልስ ይቀራል? መስመሯን የሚሞላት መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ይሁን፤ ዳይሬክተሩ ከሥሯ ይፈርም።