ጥፋቱ የስልኩ ነውን?

ዘመናችን ወሬን ከመብረቅ አፍጥኖ የሚያደርስ መሣሪያ በየኪሳችን አኖረልን። ነገር ግን መሣሪያው አዲስ፣ በርሱ የምንልከው ቃል አሮጌ ሆኖ ሲገኝ፣ ሥልጣኔው ከእጃችን አልፎ ወደ ልባችን አለመግባቱን ያስረዳል።

በአገራችን በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ከተሾሙት 20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ነበሩ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሹመቱ በሩን ከፈተ፤ የብዙዎቻችን ልብ ግን ከደጃፉ ቆሞ ቀረ። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ወንድ ሹም ሲነቀፍ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ይነሣል፤ ሴት ስትነቀፍ ግን መልኳ፣ ልብሷና ትዳሯ ይነሣል።

ሩቅ ሳልሄድ ራሴን ልክሰስ። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት አንድ ባልደረባዬ የአንዲት ሴት ሹም ሥዕል ተበላሽቶ፣ የስድብ ቃልም ተጽፎበት በስልኩ አሳየን። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ወደ ስልኬም ላከልኝ። ማታ ተማሪ የሆነችው ልጄ አይታው፣ «አባባ፣ ምን አጥፍታ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጽሑፉን ደግሜ ብመረምር ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል አላገኘሁበትም፤ የምመልሰውም አጣሁ።

ጥፋቱ የመሣሪያው ነው የሚሉ አሉ። እንዲህስ ከሆነ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት የትኛው ስልክ አስተማረን? ንግሥት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በዙፋን ቢቀመጡም ተረቱ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ስልኩ የጨመረልን ፍጥነትንና መሸሸጊያን ነው። ቀድሞ ተሳዳቢ በጠላ ቤት ሲናገር ፊቱ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ስሙን ሸሽጎ ለእልፍ ሰው ይናገራል።

ሴት ሹም አትነቀፍ ማለቴ አይደለም። ሥልጣን የያዘ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሥራው ሊመረመር ይገባዋል፤ ሚዛኑ ግን አንድ ይሁን። «ችሎታ ይቅደም» የሚል ሰው ወንዱንም በዚያው ሚዛን ያስቀምጠው። አንዲት ዐዋቂ ሴት ስድብን ፈርታ ከአደባባይ ብትቀር፣ የምትጎዳው እርሷ ብቻ ሳትሆን ዕውቀቷን የምታጣው አገርም ናት።

ስለዚህ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላ ከማስተላለፋችን በፊት፣ «ይህ ስለ ሥራዋ ነውን? ወንድ ቢሆንስ እልከው ነበርን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መምህራንም ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ። ስልክ የራሱ ልብ የለውም፤ የሚናገረው እኛው የሰጠነውን ነው።